ጡት የጣለች ዘምባባ

ላዝሃሪ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ አሸዋ ከጉድባ አውጥቶ መድፋት። አባቱም ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ ሞተ፣ አያቱም እንደዚያው። በኤል ዋድ ዙሪያ የተወለደ ሰው ይህን ሲሰማ አይስቅም፤ የቀረው የአልጄሪያ ሰው ግን ሲስቅብን ኖሯል። «እናንተ ሰዎች፣ በረሃውን ተሸክማችሁ የት ልታደርሱት ነው?» ይሉን ነበር። ይሳቁ! ተምራችንን ሲበሉ ግን አንድም ቀን ስቀው አያውቁም።

ሌላው አገር ውሃውን ወደ ዛፉ ያመጣል፤ እኛ ዛፉን ወደ ውሃው እናወርዳለን። አሸዋውን ትቆፍራለህ፣ ትቆፍራለህ፣ እርጥቡ ዘንድ ለመድረስ ጥቂት ሲቀርህ ዘምባባህን እዚያ ጉድባ ውስጥ ትተክላታለህ። የመጀመሪያውን በጋ እንደ ሕፃን በእጅህ ታጠጣታለህ። ከዚያ በኋላ ጡት ታስጥላታለህ። ሥሯን ሰዳ ራሷን ችላ ትጠጣለች። ጡት ከጣለች ወዲያ ውሃ ይዞላት የሚሄድ ሰው ቢታይ መሳቂያ ነው፤ ዘምባባዋም «ለማኝ» ትባላለች፣ ባለቤቷም ስሙ በክፉ ይነሳል። የሷ ነገር በዚህ ያልቃል፤ የአንተ ግን አያልቅም። ነፋሱ ያወጣኸውን አሸዋ ይመልሰዋል። አንተም ዘንቢልህን አዝለህ ዳገቱን ትወጣለህ፣ ትደፋለህ፣ ትወርዳለህ፣ ደግሞ ትሞላለህ። ነፋስ መቼ ይደክመዋል፤ የሚደክመው ሰው ነው።

ሐዳን ያገባ ጊዜ አባቱ ድሃ ነበሩ። በወጉ መሠረት ለሙሽራዪቱ ከጉድባው አንድ ዘምባባ በጥሎሽ ይሰጣታል፤ ዘምባባዋ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የሷ ናት፣ ባሏ እንኳ ያለ ፈቃዷ ፍሬዋን አይነካም። የላዝሃሪ አባት ግን ስም ያላቸውን ዛፎች ለመስጠት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ ዳር ላይ የቆመች፣ ሰው ከተፋው ፍሬ በራሷ የበቀለች፣ ዘሯ የማይታወቅ ቀጫጫ ነገር ሰጧት። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ሐዳ ግን ስትሰማ ሳቀች።

«ጉድ እኮ ነው! ባሌም ስም የለው፣ ዛፌም ስም የላት። እንግዲህ ሁለቱንም እኔው አወጣላቸዋለሁ።»

እንዳለችውም ሆነ። ያቺ ዘምባባ ያፈራች ጊዜ ሌላው ሁሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ብርዱ ሲገባ ነበር የበሰለችው። ፍሬዋ ትንሽ ነው፣ ቆዳው ስስ ነው፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል። ነጋዴዎች አልፈለጉትም፤ «ይኼ መንገድ አይችልም፣ ሳጥን ውስጥ ይፈርሳል» ብለው ተዉት። ይተዉት፣ ለኛ ተረፈን። ሠፈሩ «የሐዳ ተምር» አለው። ሐዳም በየዓመቱ በሳህን እያደረገች በየቤቱ ትልክ ነበር፤ ለሷ ግን ማንም ምንም እንዲልክላት አትወድም። ሐዳ እንደዚያ ነበረች። ጉድባው ድረስ ምሳ ይዛ ስትመጣ ጠምቷት ከንፈሯ ቢሰነጠቅ እንኳ «ውሃ ስጡኝ» ከማለት ራሷ ወርዳ ቀድታ ትጠጣለች።

«ከሰው እጅ አልጠጣም፤ ዛፌስ መቼ ትጠጣለች?» ትላለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ይህቺ ዘምባባ ከሥሯ ልጅ አላወጣችም። የተምር ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፤ ፍሬዋን ብትተክለው ምን እንደሚወጣ አላህ ነው የሚያውቀው፤ ወንድ ይሆናል፣ ወይ መራራ ይሆናል። እናቲቱን ራሷን የምታገኘው ከጎኗ በወጣ ቀንበጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በዓለም ላይ የሐዳ ተምር ያቺው አንዲት ዛፍ ነበረች።

ከዚያ ውሃ መጣ።

መንግሥት ከምድር ሆድ ውሃ የሚያወጣ መሣሪያ አመጣ፤ ትኩስ ውሃ ከጥልቁ ፈንድቶ ወጣ፣ ቧንቧ በየቤቱ ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ። ላዝሃሪም ደስ ብሎት ሻይ አፍልቶ መንገደኛውን ሁሉ ጋበዘ። ማን ይጠላል? ውሃ እኮ ነው! ግን ያ ሁሉ ውሃ ተጠጥቶ፣ ታጥቦበት ሲያበቃ የት እንደሚሄድ ማንም አላሰበም። አገሩ ወንዝ የለው፣ ቁልቁለት የለው። ውሃው ወደ አሸዋው እየሰረገ ከሥር ተጠራቀመና ቀስ እያለ ሽቅብ ይመጣ ጀመር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ የጉድባው መሬት ረጠበ። ቀጥሎ አብለጨለጨ። አንድ ማለዳ ላዝሃሪ ወደ ጉድባው ሲወርድ እንቁራሪት ስትጮኽ ሰማ።

አብሮት አሸዋ ሲሸከም ያደገው ጓደኛው ቡበከር ከላይ ቆሞ ተጣራ።

«ላዝሃሪ! መረብ ይዘህ ና፣ እንግዲህ ዓሣ አስጋሪ ልንሆን ነው!»

ላዝሃሪ አልሳቀም። ቡበከርም ራሱ ቆይቶ ዓይኑን ሲጠርግ ታየ።

ዛፎቹ ቆመው ሞቱ። እግራቸው በሰበሰ፣ ቅጠላቸው ተንጠለጠለ። ዳር ላይ ከፍ ብላ የቆመችው የሐዳ ዛፍ ብቻ ቀረች። ላዝሃሪ ይህን ሲያይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዘንቢሉን አንሥቶ አሸዋ ወደ ታች መውሰድ ጀመረ። በዛፏ ግንድ ዙሪያ እየደፋ ከውሃው ከፍ ያለ ጉብታ ሠራላት።

ቡበከር ጮኸበት። «አንተ ሰው፣ ጤና የለህም? ዕድሜ ልክህን ያወጣኸውን መልሰህ ታስገባለህ?»

«ምን ላድርግ? ሥራዬ ይኸው አይደል፣ አቅጣጫው ነው የተቀየረ» አለ ላዝሃሪ።

የላዝሃሪ ልጅ ቲጃኒ በዚያ ጊዜ ብየዳ ተምሮ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ሌላ ጉድ እየሠራ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ቧንቧ ከቧንቧ በያይዶ፣ የአሮጌ መኪና ጎማ ገጥሞ፣ በፓምፕ ውሃ እየረጨ ራሱ የሚዞር ረጅም ብረት ሠራ። «ዟሪ» አሉት። በዟሪው ሥር፣ በባዶ አሸዋ ላይ፣ ድንች ተከሉ። ድንች! አገሩ ሁሉ ሳቀ። ላዝሃሪም ሳቀ፤ «ልጄ አሸዋ ሊቀቅል ነው» አለ።

ሳቁ ሳያልቅ ድንቹ ወጣ። በዓመቱ ሌላው ዟሪ ሠራ፣ ሌላውም ቀጠለ፤ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ክብ ክብ አረንጓዴ ሆነ። ከአልጀርስና ከኦራን የጭነት መኪና እየመጣ ሌት ተቀን ይሰለፍ ጀመር። ዱሮ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣውን ድንች አሁን አገሩ ሙሉ ከኛ ይበላል። ሥራ ፍለጋ የተሰደደው ወጣት ተመለሰ፣ ሚስት አገባ፣ ቤት ሠራ። ዱሮ «በረሃ ተሸካሚ» ያለን ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወደኛ ይመጣ ጀመር። ላዝሃሪ ገበያ ሲሄድ «የቲጃኒ አባት» ይሉታል፤ ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ልጁን ይወዳል፣ ይኮራበታልም። ወላሂ፣ ማንም ከዚህ የተለየ ቢያወራ አትስሙት። ግን ማታ ማታ ቤቱ ደጃፍ ሲቀመጥ እጁ ሳያውቀው የዘንቢሉን ማንገቻ የሚያስርበት ትከሻውን ይዳስሳል። ናፍቆት ጅል ነው፤ ሸክምን እንኳ ይናፍቃል።

ከዚያ ሐዳ ታመመች። ቲጃኒ በራሱ መኪና አልጀርስ ድረስ ወስዶ፣ ድንቹ ያፈራውን ሁሉ አፍስሶ አሳከማት። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። ስትመለስ እጇን ማንሳት አቃታት። ያቺ ከሰው እጅ አልጠጣም የምትል ሴት ውሃ በማንኪያ የሚሰጣት ሆነች። የመጀመሪያ ቀን አፏን ገጥማ እንቢ አለች። ላዝሃሪ ምራቱን፣ ጎረቤቱን፣ ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣ። በሩን ዘጋ። ማንኪያውን ወደ አፏ አቅርቦ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጠጪ፣ ማንም አያይሽም» አላት።

ማንኪያው አፏን ስቶ ውሃው ፈሰሰ። ሐዳ ሳቀች።

«አንተ ሰው፣ አፍንጫዬን እኮ ነው ያጠጣኸው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመት ሙሉ እንደዚያው ነበር። እሱ ፊቱን ያዞራል፣ እሷ ትጠጣለች። አንድ ቀን ጠጥታ ስታበቃ «ዛፌ ራሷን ችላ ስትጠጣ፣ እኔን በስተርጅና ጡት አስለመድከኝ» አለችው። ቀጥላም «እሷስ እንዴት ናት? አሁንም ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ናት?» ብላ ጠየቀች። ላዝሃሪ ልቡ ተሰበረ።

«ዛፍሽ አትጠፋም። ቃሌ ነው፣ ሐዳ» አላት።

ብርዱ ሳይገባ፣ ተምሯ ሳይበስል ሞተች። አላህ ይዘንላት።

በሚቀጥለው ጸደይ ላዝሃሪ ወደ ጉድባው ሲወርድ፣ እሱ ራሱ በዘንቢል ተሸክሞ ከግንዱ ሥር ባከማቸው አሸዋ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ ነገር አየ። ተንበረከከ። ቀንበጥ ናት። ያቺ አሮጊት ዛፍ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያልወለደችው፣ በእርጅናዋ ወለደች። ላዝሃሪ እዚያው ጭቃ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ሐዳ፣ ነይና እዪ» አለ፤ ማን ይመጣል።

ቀንበጧ ሥር እንድትይዝ ጠበቀ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን አልጠበቀም። ውሃው ሸተተ፣ ትንኙ በዛ፣ አንድ ሕፃን ሊሰጥም ሲል ለጥቂት ተረፈ፤ ጉድባዎቹ ሁሉ ይደፈኑ ተባለ። እውነት ለመናገር ሌላ መላም አልነበረውም። ላዝሃሪ ለምኖ ለምኖ እስከ መከር አስቆያቸው። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ በብረት ዘንግ ቀንበጧን ከእናቷ ለያት፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለላት፣ እንደ ሕፃን ታቅፏት ዳገቱን ወጣ።

በማግስቱ ዶዘሩ መጣ። ነጂው ጨዋ ነበር፤ «አባባ፣ አቧራው እንዳይጎዳዎ ትንሽ ራቅ ይበሉልኝ» አለ። ላዝሃሪ ግን ጉድባው አፋፍ ላይ ቆሞ አየ። አያቱ፣ አባቱና እሱ ዕድሜያቸውን ፈጅተው ያወጡት አሸዋ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ተመለሰ። በመጨረሻ የሐዳ ዛፍ የቅጠሏ ጫፍ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ተሸፈነ።

ቡበከር በዝግታ «ይኼ ማሽን በወጣትነታችን ቢኖር ኖሮ ወገባችን ዛሬ ቀጥ ባለ ነበር» አለው።

«ቀጥ ባለ ነበር» አለ ላዝሃሪ።

ዟሪው ሲዞር የማይደርስበት የማሳው ጥግ ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ላዝሃሪ ያንን ጥግ ከልጁ ለመነ። ቲጃኒ «ሜዳው ሁሉ የአንተ አይደል እንዴ፣ አባ? ማሽን ላምጣና በአንድ አፍታ ልቆፍርልህ» አለው።

«እንዳትነካት! በእጄ ነው የምቆፍረው።»

በዚያ ዕድሜው እያቃሰተ ቆፈረ። እርጥቡን ሲያገኝ ቀንበጧን ተከለ፣ በዙሪያዋ በዘምባባ ቅጠል አጠረላት። የመጀመሪያውን በጋ ጠዋት ጠዋት በባልዲ አጠጣት። ወጉ ነው፣ ሕፃን ናት። አደገች፣ መሐል ቅጠል አወጣች። ጸደይ ሲመጣ ላዝሃሪ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ሄደና ባልዲውን ከአጠገቧ አነሳ። «እንግዲህ ራስሽን ቻይ፤ የሐዳ ልጅ ነሽ» አላት።

ወር ሳይሞላ ቅጠሏ አመድ መሰለ። ላዝሃሪ «ጡት ስትጥል ማን የማያለቅስ አለ» እያለ ራሱን አጽናና። ቀጥሎ ጫፏ ደረቀ። ቲጃኒ አይቶ አላስቻለውም።

«አባ፣ የውሃ ጎማ ልዘርጋላት። ጠብ ጠብ የምታደርግ ትንሽ ጎማ ናት፣ ማንም አያያትም።»

«የእናትህን ዛፍ ለማኝ ልታደርጋት? ሥሯ እየወረደ ነው፣ ይደርሳል።»

«አይደርስም። ውሃው ወርዷል። ዘንድሮ የፓምፑን ቧንቧ ስንት ጊዜ አስረዘምኩ መሰለህ? ሥሯ አንድ ክንድ ሲወርድ ውሃው ሁለት ክንድ ይሸሻል።»

ላዝሃሪ ደሙ ፈላ። «ማን አወረደው? እናንተ አይደላችሁም? ከተማው ውስጥ ዛፎቼን በውሃ ገደላችሁ፣ እዚህ ደግሞ በውሃ ጥም ልትገድሉልኝ ነው! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ!»

ቲጃኒ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እማን አልጀርስ ያደረሳት ይኼው ውሃ ነው፣ አባ። ያንን አንድ ዓመት የጨመረላት እሱ ነው። ባትወደውም አትርገምብኝ።»

ልጁ እውነቱን ነው፤ እውነት ደግሞ ከገዛ ልጅ አፍ ስትወጣ ታማለች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ግን አሮጌ ዘንቢሉን አንግቶ ጥጉ ላይ ተገኘ። ዱሮ ውሃ ሲሸሽ አባቱ ምን ያደርጉ እንደነበር ያውቃል፤ ዛፏን ዙሪያዋን ቆፍሮ ከነሥሯ ዝቅ ማድረግ ነው። ውሃው ከወረደ እሷም ትወርዳለች። ቆፈረ፣ ሞላ፣ አዘለ፣ ወጣ፣ ደፋ። ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለው። ትከሻው ማንገቻውን አወቀው። ሐዳ አፋፉ ላይ ምሳ ይዛ የቆመች መስሎት ሁለት ጊዜ ቀና አለ።

ቡበከር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት መጣ። ከላይ ሆኖ አየው።

«አንተ ሽማግሌ፣ መቃብርህን ነው የምትቆፍረው?»

«ከመሳቅ ወርደህ አትረዳኝም?»

ቡበከር ወረደ። ዕድሜው የትየለሌ ቢሆንም ወረደ። ሁለቱ እያቃሰቱ፣ እየተሰዳደቡ ቆፈሩ። ፀሐይ አናታቸው ላይ ስትደርስ ላዝሃሪ እጁን እታች አሸዋው ውስጥ እስከ ክንዱ ሰደደ። ጨብጦ አወጣና መዳፉን ከፈተ። አሸዋው በጣቶቹ መሐል ፍስስ ብሎ አለቀ። እርጥበት የሚባል የለም። ደግሞ ሰደደ። ደረቅ ነው።

ቡበከር አየው። እሱ እንኳ ሊቀልድ አልቻለም።

«ወንድሜ፣ የኛ ጊዜ ውሃ ሄዷል። ዛፏ አላጠፋችም፣ አንተም አላጠፋህም» አለው።

ላዝሃሪ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ከላይ የዟሪው ውሃ ድንቹ ላይ ሲረጭ ይሰማል፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው። ቀንበጧን አያት። መሐል ቅጠሏ ብቻ ነው አረንጓዴ የቀረ። ከንፈሯ የተሰነጠቀ ያቺ ሴት ትዝ አለችው፤ አፏን ገጥማ «እንቢ» ስትል።

ተነሳ። ዳገቱን ወጥቶ ዘንቢሉን አፋፉ ላይ ገልብጦ አስቀመጠው። ማሳውን አቋርጦ ፓምፑ ዘንድ ሄደ። ቲጃኒ ሞተሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ብረት ያጠብቅ ነበር። አባቱን ሲያይ ቀና አለ።

«ያቺ ጎማ የታለች?» አለ ላዝሃሪ።

ቲጃኒ አንሥቶ ሰጠው። አብሮት ሊሄድ ሲል አባቱ በእጁ ከለከለው። ላዝሃሪ ጎማውን እየጎተተ ተመለሰ፤ ጫፉን ከሥሯ አጠገብ አኖረ። ወደ አፋፉ እያመለከተ «ቡበከር፣ ውጣልኝ እስቲ» አለ። ቡበከር የሐዳን ነገር ያውቃል፤ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ወጣ።

ከላይ ውሃው ተከፈተ። ጎማው ተነፋና ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ላዝሃሪ ፊቱን ወደ አሸዋው ግድግዳ አዞረ።

«ጠጪ» አላት። «ጠጪ፣ የኔ እናት። ማንም አያይሽም።»